ወረራው ሳያበቃ

አንደኛ አቅራቢ፦ ዛሬ ስለ ጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ እናውራ። ጠንካራ ተጋጣሚ የሚረታው በአሰላለፍ ነው እላለሁ። ለምሳሌ በአሜሪካኖቹ የጠረጴዛ ቤዝቦል፣ በስትራት-ኦ-ማቲክ፣ ዳይሱ ግማሹን ጊዜ የመቺውን ካርድ፣ ግማሹን የወርዋሪውን ካርድ ያስነብባል። ወርዋሪው የቱንም ያህል ቢከብድ ግማሹ ዕድል የሚያርፈው እናንተ በመረጣችሁት መቺ ላይ ነው። የእኛ ሰንጠረዥ ደግሞ ከዚህ የሰፋ የማሰለፍ ዕድል ይሰጣል፤ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እሱ ላይ አልስማማም። አንቺ ስታሰልፊ ብርቱውም እያየሽ ያሰልፋል። ጊዜው ለሁለቱም እኩል ከሆነ የሚጠቀምበት አዋቂው ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ልክ ነህ፣ ወረራው ከረዘመ የሚያተርፈው እሱ ነው። ግን ወረራውን የሚያቆመው ቀድሞ የበላ ነው፤ ይህ መብት የደካማውም ነው! የብርቱው ጦር ገና ሳይደራጅ መብላት ይቻላል። ደግሞም ሊለወጥ የማይችል ነገር አለ፦ ፊል የሚባለው ጠጠር፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ስለሚዘል፣ ከ64ቱ ቤቶች የሚረግጠው 8ቱን ነው። የተጋጣሚ ሁለት ፊሎች ተደምረው 16 ቤት ቢያስፈራሩ፣ 48ቱ ከእነሱ ነጻ ናቸው። የራስን ፈረስ እዚያ ማቆም ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የተጋጣሚው ፈረስና እንደ ቼዝ ሩክ ያለው ደርስ?

አንደኛ አቅራቢ፦ የእሱ ፈረስና ደር በእርግጥ ያሰጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መበላት ያለባቸው እነሱ ናቸው።