ያ መኪና ተሠራ ወይ?

(በዓመታዊው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ለመጪው ጥር ወደ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ስለምናደርገው ጉዞ እንዳስረዳ ኮሚቴው አዞኛል። የዳንግላ ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። ስለ መንገዱ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ከዓመታት በፊት ልክ እንደ ዛሬው ተሰብስበን ሳለ «ዳንግላ እንሂድ» ብዬ ነበር። ሠላሳ ሰው እጁን አወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ። ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ይጮህ ጀመር። አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ፣ አንዷ ልጄን አመመብኝ አለች፣ ሌላው ጭራሽ ስልኩን ዘጋ። በመጨረሻ ዘጠኝ ሆነን ሄድን።

እናቴ ከዕድር ወንበርና ድስት ተውሳ፣ ጠላ ጠምቃ፣ በግ አሳርዳ፣ ጎረቤት ሰብስባ ትጠብቀናለች። ከሚኒባሱ የወረድነውን ቆጠረችና «የቀሩትስ?» አለችኝ። አፈርኩ። «መኪና ተበላሽቶባቸው ነው እማዬ» አልኳት። ሌሊቱን በሩን ሳትቀረቅር አደረች። ጠዋት ስንነሳ «መንገድ ላይ ተርበው ይሆናል» ብላ ለሃያ አንድ ሰው የሚበቃ ዳቦ አስይዛ ሸኘችን።

ስለዚህ ዘንድሮ ዕቅዱን ከሰው ቁጥር እንጀምር።

የምንሄደው ለአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈረስ በአድዋና በአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ያስባል። በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶም ይደርሳል። ስለዚህ ትርኢት አይቶ ለመመለስ ብቻ የምንሄድ አይምሰላችሁ።

ከአዲስ አበባ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጎሐ ጽዮን ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ በደብረ ማርቆስና በቡሬ እናልፋለን። ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ጥር 21 ማለዳ እንነሳለን፤ 22 ለእረፍትና ለዘንገና ሐይቅ ይሁን። ዘንገና እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዋና እችላለሁ ባዮች እባካችሁ ዳር ቁሙ። በበዓሉ ሰሞን አልጋ ስለማይገኝ ቀድመን መያዝ አለብን። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የጥር ሌሊቷ ውርጭ ነው። ጋቢ ያልያዘ ሰው የኔን እንዳይጠይቅ!

በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደ ዳንግላ ስንጓዝ በፋግታ ለኮማ በኩል እናልፋለን። አካባቢው ለዓመታት በዲከረንስ ደን የታወቀ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክልና ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ይሸጠው ነበር። አካባቢው አውኚ ይነገርበታል፤ አውኚ የምትችሉ አባሎቻችን ቢያንስ ሰላምታውን አስተምሩን።

ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ካሉ ሰዎች እንጠይቃለን። ደህና ካልሆነ እንቀራለን፤ መቅረታችንን ግን በግ ሳይታረድ እንናገራለን። ጥር 23 ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለም የጾም ምግብ እንዲዘጋጅ ቀድመን እናሳውቃለን።

የምትሄዱ እስከ ታኅሣሥ 15 ስማችሁንና መዋጮአችሁን ስጡን። ያልቻለ «አልችልም» ይበል፤ ማንም አይቀየመውም። የሚከፋው «እመጣለሁ» ብሎ መቅረት ነው።

እናቴ አሁንም ስደውልላት «ያ የጓደኞችህ መኪና ተሠራ ወይ?» ትለኛለች። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ዘንድሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ «ተሠርቷል» በሏት።