የናፍጣ ሞተር ሲታመም



ከገንዳ ውሃ በሽተኛ ወደ ጎንደር የሚያደርስ አሮጌ ላንድክሩዘር በመንገድ ቢቆም፣ የሚያሰጋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ጥቁር ጢስና መንቀጥቀጥ ቸል አይባልም።

ምርመራው እንዲህ ነው፤ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥቶ የ6ቱን ኖዝሎች የቧንቧ ዳዶ ተራ በተራ ጥቂት ማላላት። ድምፁ ከተለወጠ ያ ኖዝል ደኅና ይሠራ ነበር፤ ካልተለወጠ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ይወድቃል። የሲሊንደሩ ኮምፕሬሽንም አብሮ ይመርመር። የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ እጅ አይጠጋው።

ሲለወጥም ዙሪያው ከአቧራ ይጽዳ፤ የሥሩ ሮንዴላ አዲስ ይሁን።

ኖዝልን የሚያጠፉት ቆሻሻና ውሃ ናቸው። እንግዲህ ፊልትሮውን በጊዜው የለወጠ፣ በሽተኛውን አስቀድሞ ረዳው ማለት ነው።