የማክሰኝት ሽምብራ እና የብረትና የድኝ ዘለላ



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ በማክሰኝት ዙሪያ ያለው የዋልካ መሬት ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ይዘራበታል። ሽምብራው የሚያድገው ይበልጡን በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ናይትሮጅኑንስ ከወዴት ያገኛል? ሥሩን ቀስ አድርጎ የነቀለ ሰው ትንንሽ እባጮች ያያል። በጥፍሩ ሰንጥቆ ውስጡን ቀላ ብሎ ቢያገኘው፣ ባክቴሪያዎቹ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ እየለወጡ ናቸው ማለት ነው። ያቀላው ኦክሲጅንን የሚቆጣጠር፣ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው።

ሥራውን የሚሠራው ናይትሮጅኔዝ የሚባለው ኤንዛይም ነው። በልቡ ላይ 7 ብረት፣ 9 ድኝና 1 ሞሊብዲነም የታጀቡበት ዘለላ አለ፤ በመካከላቸውም አንዲት የካርቦን አቶም ብቻዋን ተቀምጣለች። ካርቦን መሆኗ የተረጋገጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። እዚያ ማን አገባት? የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ያገባቻት ኒፍ-ቢ የተባለች ሌላ ኤንዛይም ናት። ወገኗም በ2001 ዓ.ም. «ራዲካል ሳም» የሚል ስም ከወጣለት ሰፊ ቤተ ሰብ ነው። የዚህ ቤተ ሰብ የጋራ ክፍል አንድ ጎኑ ያልተዘጋ በርሜል ይመስላል፤ በውስጡም 4 ብረትና 4 ድኝ ያለው ዘለላ ተቀምጧል። ሦስቱን ብረቶች ሦስት ሲስቴይኖች ይዘዋቸዋል፤ አራተኛው ግን ያዥ የለውም። ጥበቡ ሁሉ በዚህ ብረት ላይ ነው። ሳም የተባለው ሞለኪውል መጥቶ ይይዘዋል፤ ዘለላው አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ሳም ይሰበርና ራዲካል ይወለዳል፤ ይኸውም ኤሌክትሮኑ ጓደኛ ያጣበት፣ ሃይድሮጅን ነጣቂ ቁራጭ ነው። ኒፍ-ቢ ሁለት ሳም ትፈጃለች፤ አንደኛው ሜቲል ይሰጣል፣ ሁለተኛው ራዲካል ሆኖ ከሜቲሉ ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተራቆተው ካርቦን ሁለት ባለ 4 ብረት ዘለላዎችን አጋጥሞ ባለ 8 ብረት ያደርጋቸዋል። ሞሊብዲነም የሚተካው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን መሣሪያ ወደ እህል ለማዛወር የሚደክሙ ሊቃውንት አሉ። ዘለላዎቹ በኦክሲጅን ስለሚፈርሱ ሥራው እጅግ ከባድ ነው፤ እኛም ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳብራል ብለን በቅርቡ አንጠብቅም። ሽምብራ ግን ዛሬውኑ ያደርገዋል። በአገራችን ሰብሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ ይሄዳል፤ አጭር ስለ ሆነ ለማጭድ አይመችም፣ ገበሬውን አንወቅስም። ደግሞም በዚያን ጊዜ አብዛኛው ናይትሮጅን ወደ ፍሬው አልፏል። ቢሆንም በሥሩ የቀረው ለሚቀጥለው ጤፍ ቢተው እንመርጣለን።

የእርሻ ተማሪዎች ሆይ፣ አበባ ሲያወጣ ወደ ማሳው ስትወርዱ እባጩን ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅኔዙ አይሠራም፤ እንግዲያው ስለ ዩሪያ ከማውራት በፊት ስለ ባክቴሪያው ጠይቁ።