«ጨረቃ ላይ ያለችው ሴት»
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን በሳይንስ ክበብ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ ሰሞን፥ ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ጥቂት ቃል እንድናገር ክበባችን ስለ ፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ርእሱ ለእንዲህ ያለ ቀን የማይመጥን መስሎ የሚታያቸው ወላጆች ይኖሩ ይሆናል። አባቴም «ሲኒማ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ዛሬ እዚህ ስለ ተገኙ፥ በፊታቸው መልስ ልሰጥ እሞክራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የክፍል ጓደኞቼን እየዞርኩ ከሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አብልጠው የሚወዱትን ጠይቄ ነበር። የሚበዙት በ1977 የወጣውን «ስታር ዎርስ»ንና በ2014 የወጣውን «ኢንተርስቴላር»ን ጠሩልኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱንም አልነቅፍም፤ «ኢንተርስቴላር»ንማ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔ ግን የምናገረው ከጠየቅኋቸው አንዱም ስሙን ስላልጠራው ፊልም ነው። በመጀመሪያ ያሰብኩት በ2015 ስለ ታየው ስለ «ክረምስ» ለመናገር ነበር። እሱን ሚጌል ያንሶ የተባለ የስፔን ሰው በአገራችን፥ በአማርኛ ቋንቋ አዘጋጅቶታል፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተጫውተውበታል። በታሪኩ ዓለም ከጠፋች በኋላ የዛሬው ዘመን መጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይታያል። ነገር ግን ቋንቋው የራሳችን ስለ ሆነ፥ እናንተው ፈልጋችሁ ብታዩት ይሻላል ብዬ ተውኩት።

የመረጥኩት ፊልም በጀርመን አገር የተሠራው «ፍራው ኢም ሞንድ» ነው፤ ይኸውም በቋንቋችን «ጨረቃ ላይ ያለችው ሴት» እንደ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በርሊን ከተማ በኦክቶበር 15 ቀን 1929 ነበር። አዘጋጁ ፍሪትስ ላንግ ሲሆን፥ ታሪኩን የደረሰችው ባለቤቱ ቴያ ፎን ሃርቡ ነች። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት «ሜትሮፖሊስ»ን አውጥተው ስለ ነበር፥ እስከ ዛሬ የላንግ ስም ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነው። ሁለተኛው በታላቅ ወንድሙ ጥላ ሥር ቀረ። ደግሞም ድምፅ የሌለው ፊልም ነው። በዚያ ዘመን ተናጋሪ ፊልም መውጣት ጀምሮ ስለ ነበር፥ ኩባንያው ሮኬቱ ሲነሣ እንኳ ድምፅ ይጨመርበት ቢል ላንግ እንቢ አለ። ስለዚህ ፊልሙ ገና ከመውጣቱ አሮጌ መሰለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማንፌልት የተባለ አንድ ፕሮፌሰር በጨረቃ ላይ ወርቅ አለ ብሎ ስለ ተናገረ ሊቃውንቱ ሁሉ በጉባኤ ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ ጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል በድህነት ይኖራል። ሄሊዩስ የተባለ መሐንዲስ ግን አምኖት የጠፈር መርከብ ይሠራል። አብረው የሚጓዙት ጓደኛው ቪንዴገር፥ የቪንዴገር እጮኛ ፍሪደ፥ በግድ የገባባቸው ተርነር የተባለ የገንዘብ ሰዎች ወኪልና ማንም ሳያየው የተደበቀ አንድ ትንሽ ልጅ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተረት ነው። ሮኬቱ ግን ተረት አይደለም። ላንግ ያማከረው ሄርማን ኦበርት የተባለውን ሊቅ ሲሆን፥ ኦበርት በ1923 በሮኬት ወደ ጠፈር ስለ መጓዝ መጽሐፍ ያወጣ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት በፊልሙ ያለው ሮኬት በየደረጃው የተከፋፈለ ነው፤ ነዳጁ ያለቀበት ክፍል እየተጣለ የቀረው ይሄዳል። ቆሞ በአዳራሽ ውስጥ ይሠራና ወደ መነሻው ቦታ ይጎተታል። ተጓዦቹ ፍጥነቱ እንዳይጎዳቸው በአልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ክብደታቸው በጠፋ ጊዜም እግራቸውን የሚያስገቡበት ማንገቻ አለ። ልብ በሉ፥ ይህ የሆነው ሰው ጨረቃን ከመርገጡ 40 ዓመት በፊት ነው! ስሕተትም አለበት። ተጓዦቹ ከጨረቃ በስተጀርባ ያለ መሸፈኛ አየር ይተነፍሳሉ፤ ያ ወገን በሩስያ ሉና 3 ፎቶግራፍ የተነሣው በ1959 ስለ ሆነ በዚያ ዘመን እንደ ልብ ማለም ይቻል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ መቁጠሩ ነው። ሮኬት ሲነሣ ከአሥር ወደ አንድ ወደ ኋላ መቁጠር ከዚህ ፊልም የመጣ ነው ይባላል። ላንግ ያሰበው ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እየተባለ ወደ ላይ ቢቆጠር ተመልካቹ መቼ እንደሚነሣ አያውቅም፤ ወደ ታች ከተቆጠረ ግን ሁሉም ልቡን አንጠልጥሎ ይጠብቃል። በጁላይ 16 ቀን 1969 አፖሎ 11 ሲነሣ የተቆጠረው እንደዚሁ ወደ ኋላ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። ኦበርት ለፊልሙ ማስታወቂያ እውነተኛ ሮኬት ሠርቶ ሊያስወነጭፍ ሞክሮ አልሆነለትም፤ እንዲያውም ሲሞክር ፍንዳታ ደርሶበት ቆሰለ። በ1930 ሙከራውን ሲቀጥል ቬርነር ፎን ብራውን የተባለ ወጣት ተማሪ ይረዳው ጀመር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ላንግ አገሩን ጥሎ ሄደ፤ በፊልሙ ያለው ሮኬት በምስጢር ከሚሠራው ጋር ስለሚመሳሰልም ፊልሙ እንዳይታይ ተደረገ። ኦክቶበር 3 ቀን 1942 ከፔነሙንደ በደኅና የተወነጨፈው የመጀመሪያው ቪ 2 ሮኬት በጎኑ ላይ ሥዕል ነበረበት። ሥዕሉ በጨረቃ ላይ የተቀመጠች ሴት ነበረች።

ከ1944 ጀምሮ ያ ሮኬት በለንደንና በአንትወርፕ ሰዎች ላይ ወደቀ። የሚሠራውም ሚተልባው ዶራ በተባለው የእስረኞች ሰፈር፥ በተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ነበር። በዚያ ካለፉት ወደ 60,000 ከሚጠጉ እስረኞች 20,000 ያህሉ ሞተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን እንደ ገና ባየው ጊዜ ዓይኔ ከሮኬቱ ላይ ተነሥቶ በኦክሲጂኑ ላይ ዐረፈ።

ይኸውም በፊልሙ መጨረሻ በተነሣ ጠብ ጥይት ተተኩሶ የኦክሲጂኑ ጋን ይበሳል። የቀረው አየር ሁሉንም ወደ ምድር አያደርስም፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ሄሊዩስና ቪንዴገር በክብሪት እንጨት ዕጣ ይጣጣላሉ። ዕጣው በቪንዴገር ላይ ይወጣል፤ እሱ ግን ከፍርሃት የተነሣ አእምሮውን ሊስት ደርሷል። ሄሊዩስ ፍሪደን ይወዳል፤ ዝም ቢል የሚከሰው ዳኛ አልነበረም። እሱ ግን በመጠጣቸው የእንቅልፍ መድኃኒት ጨምሮ ራሱ ይቀራል። መርከቡን የሠራው ሰው የራሱን ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። በፔነሙንደ ቪ 2ን ከሠሩት ሊቃውንት አንዱም በዶራ ዋሻ ለሞተው እስረኛ ቦታውን አልለቀቀም። ፎን ብራውንም በኋላ አሜሪካን አገር ሄዶ አፖሎን ያነሣውን ትልቁን ሮኬት ሠርቶ በክብር ኖሯል።

መምህሮቻችን ይህን ነገር በፊዚክስ ሰዓት ሊያነሡልን ጊዜ አይበቃቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ያገኘሁት ከፊልም ነው።

ተደብቆ ስለ ገባው ልጅ አንድ ነገር ረስቼአለሁ። ጉስታቭ ይባላል። ስለ ጨረቃ የሚተርኩ ርካሽ መጽሔቶችን እያነበበ ያደገ፥ አዋቂዎቹ ከቁም ነገር የማይቈጥሩት ልጅ ነው። ሄሊዩስ ለመቅረት ሲወስን ምስጢሩን የነገረው ለሱ ብቻ ነው፤ መሪውንም በሱ እጅ አስረከበ። መርከቡን ወደ ምድር የሚመልሰው ያ መጽሔት አንባቢ ነው፤ ይህንን በተለይ አባቴ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።

ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ ስለ ሌቦችና ስለ ተሰረቀ ወረቀት ስለ ሆነ ያሰለቻል፤ አልክድም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። መርከቡ ከተነሣ በኋላ ሄሊዩስ ብቻውን በአሸዋው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ፊቱን ሲመልስ የሚያየውን ነገር እኔ አልነግራችሁም።