የተከፈለበት ወንበር ባዶ እንዳይቀር
በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ደጋፊዎቻችን የተደረገ ንግግር



ርዳታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እህልን፣ ልብስንና ገንዘብን ነው። ዛሬ ላሳስባችሁ የምወደው ገንዘቡ አስቀድሞ ስለ ተመደበለት፣ የጎደለውም የሚያመለክት ሰው ብቻ ስለ ሆነ ርዳታ ነው። ይኸውም በእንግሊዝ መንግሥት ለሕፃናት የሚከፍለው የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ነው።

አስቀድመን መብቱን እንለይ። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ሕፃን ሁሉ፣ ወላጆቹ ሥራ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ በዓመት 570 ሰዓት ያለ ክፍያ ይማራል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 15 ሰዓት ለ38 ሳምንታት ማለት ነው። ሁለት ዓመት የሞላውም ልጅ ቤተሰቡ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበልና የሥራ ገቢው ከግብር በኋላ በዓመት ከ15,400 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ፣ ወይም ወላጆቹ ጥገኝነት ጠይቀው በሆም ኦፊስ ድጋፍ የሚኖሩ ከሆነ፣ ይኸው 15 ሰዓት ይገባዋል። ለሠራተኛ ወላጆች ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከዘጠኝ ወር ዕድሜ አንሥቶ 30 ሰዓት ተፈቅዷል። ለዚህም እያንዳንዱ ወላጅ በሳምንት ቢያንስ የ16 ሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያህል ገቢ ሊኖረው፣ የዓመት ገቢውም ከ100,000 ፓውንድ ሊበልጥ አይገባም።

ታዲያ መብቱ ካለ ልጆቻችን ስለ ምን እቤት ይቀራሉ?

አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳይቀበሉ የተጻፈባቸው ወገኖች «ልጄን ባስገባ ወረቀቴ ይበላሽብኛል» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የ15 ሰዓቱ ትምህርት በሕጉ ድጎማ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ አይገባም፤ የሦስትና የአራት ዓመቱም ቦታ ወላጆች በያዙት ፈቃድ አይወሰንም። እንዲያውም ከ2022 ወዲህ እንዲህ ያለ ፈቃድ የያዙ ቤተሰቦች ገቢያቸውና ቁጠባቸው ከተወሰነው ልክ ካላለፈ ለሁለት ዓመት ልጃቸውም ማመልከት ይችላሉ። የሚያመለክቱት በየሰፈራቸው ካውንስል በኩል ነው። የሠራተኞቹ 30 ሰዓት ግን የራሱ ደንብ ስላለው ሳያረጋግጡ መጀመር አይገባም።

ሁለተኛው ቀን ነው። ቦታው የሚጀምረው ልጁ ዕድሜው በሞላበት ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚመጣው የትምህርት ወቅት ነው፤ ወቅቶቹም ከጃንዋሪ 1፣ ከአፕሪል 1ና ከሴፕቴምበር 1 ይቆጠራሉ። ማርች 30 ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በአፕሪል ሲጀምር፣ አፕሪል 2 የሞላው እስከ ሴፕቴምበር ይጠብቃል። በሥራ ምክንያት የሚያመለክቱ ወላጆችም 11 አኃዝ ያለውን ኮድ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት መያዝ አለባቸው። በየሦስት ወሩም ማደስ ግድ ነው። አንዲት እናት ኮዱን በሁለት ቀን ብታዘገይ ልጅዋ አንድ ሙሉ ወቅት ሊያመልጠው ይችላል፤ እርስዋም የተቀጠረችበትን ሥራ ልታጣ ትችላለች።

ሦስተኛው፣ መብት ማለት በመረጡት ቤት የተያዘ ወንበር ማለት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከወራት በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ዞሮ ማየትና ስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት፣ የግል ማቆያ፣ ወይም ተመዝግባ በቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ ሞግዚት ይገኛሉ። ክፍት ቦታ ያላቸውን የካውንስሉ የቤተሰብ መረጃ ክፍል ይነግራል። ሲሄዱ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ፓስፖርት፣ የአድራሻም ማስረጃ ይያዙ። ለምግብና ለዳይፐር ገንዘብ ሲጠየቁ ደግሞ ይህ ክፍያ በፈቃድ እንጂ ቦታውን ለማግኘት ግዴታ አለመሆኑን ይወቁ።

«ልጄ ገና ሕፃን ነው፤ ለባዕድ እጅ አልሰጥም» የምትል እናትም አለች። ስጋቷ የእናት ስጋት ነውና አንናቀው። አብረናት ሄደን ቤቱን እንይ፤ የኦፍስቴድን የቁጥጥር ዘገባ እናንብብላት፤ የልጁ አማርኛ ይጠፋል ብላ ከፈራችም እቤት በአማርኛ ማነጋገሯን እንድትቀጥል እናበረታታት። ልጁ እንግሊዝኛውን ከእኩዮቹ ጋር እየተጫወተ ቢለምድ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ እንግዳ አይሆንም። እርስዋም በእነዚያ ሰዓታት ቋንቋ ትማራለች፣ ሥራ ትፈልጋለች፣ ወይም ሌሊት ሠርታ ያደረች እንደ ሆነ ታርፋለች።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። እንግሊዝኛ የምታነቡ፣ ኮምፒውተር የምትነኩ እያንዳንዳችሁ አንድ ቤተሰብ ያዙ። የልጁን የልደት ቀን ጠይቁ፤ የሚጀምርበትን ወቅት አስሉ፤ ቅጹን አብራችሁ ሙሉ፤ አንድ ጠዋትም አብራችሁ ሂዱ። ቦታው ከተገኘ በኋላም አትተዉአቸው። የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በራሱ አያሻግርም፤ ለዚያ ልጁ ከሚገባበት ሴፕቴምበር በፊት እስከ ጃንዋሪ 15 ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋልና ይህንንም ቀን አስታውሱአቸው።