አንድ ወረዳ፣ ሁለት ወንበር

አድማጮች፣ በካናዳ በስፋት ትንሿ ክፍለ ሀገር ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ናት። የመጀመሪያው ምክር ቤቷ በ1773 ሲሰበሰብ 18 አባላት ነበሩት። ዘመኑን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባላቱ የተመረጡት ከመላው ደሴት እንጂ በወረዳ አልነበረም።

የሚገርመው የ1893ቱ ለውጥ ነው። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሁለት ምክር ቤቶች ላይኛውን ማስወገድ ሲያስቸግር፣ ከታችኛው ጋር ቀላቀሉት። 15 የምርጫ ወረዳዎች ሁለት ሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱን ሰፊው መራጭ፣ ሌላውን ባለንብረቱ ይመርጠዋል። ይባስ ብሎ፣ በየወረዳው ንብረት ያለው ሰው በየወረዳው ድምፅ መስጠት ይችል ነበር! የባለንብረቱ የተለየ ምርጫ የቀረው በ1963 ነው፤ እንግዲህ ሰባ ዓመት ቆየ ማለት ነው። ሁለቱ ወንበሮች ግን አንድ ያልታሰበ ጥቅም ነበራቸው። ፓርቲዎቹ በአብዛኛው ካቶሊኩን ከካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንቱን ከፕሮቴስታንት ያፎካክሩ ስለነበር፣ ምርጫው የሃይማኖት ፉክክር እንዳይሆን ረድቷል።

አሠራሩን የጣለው ሌላ ነገር ነው። ከተማው በሰው ሲሞላ የወረዳው ወሰን ብዙም ሳይለወጥ ቀረ፤ የአንድ ገጠሬ ድምፅ ከከተሜው ብዙ እጥፍ መዘነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1993 ድልድሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። ከ1996ቱ ምርጫ ጀምሮ ወረዳዎቹ 27 ናቸው፤ ተወካያቸውም አንድ አንድ።