አስተማሪን ማን ያስተምረው?



በየመሥሪያ ቤቱ የመንግሥትን ሥራ የምታከናውኑ ሁሉ ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ። አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ የሚያረቀው ደብዳቤ በክፍሉ ሹም እጅ ያልፋል። ሹሙም «ይህ ቃል አይስማማም፤ ይህኛው አንቀጽ ወደ ላይ ይውጣ» እያለ በቀይ ቀለም ይሰርዝበታል። ጸሐፊው አምስት ጊዜ ከተመለሰበት በኋላ ስድስተኛው ረቂቅ ያለ እርማት ይወጣለታል። ሥራን በሥራ ላይ መማር ማለት ይኸው ነው።

አስተማሪው ግን ይህ ዕድል የለውም። ከኮሌጅ ወጥቶ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋል። የሰጠው ትምህርትም ደወል ሲደወል ይበናል እንጂ እንደ ደብዳቤ በመዝገብ ተቀምጦ አይታረምም። ሱፐርቫይዘር ወይም ርእሰ መምህር ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ነጥብ ሊሰጥ ስለ ሆነ፥ አስተማሪው ያን ዕለት የሚያሳየው የክቱን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ጉድለት በአሥረኛውም ዓመት አብሮት ይገኛል።

ጉድለት ስል አስተማሪው የሚያስተምረውን አያውቅም ማለቴ አይደለም። የክፍልፋይን ሒሳብ ለምሳሌ እንውሰድ። አስተማሪው «ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙዎቹ ልጆች «ሁለት አምስተኛ» ይሉታል። እርሱም «ተሳስታችኋል» ብሎ አምስት ስድስተኛ የሚለውን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹም ይገለብጣሉ፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ሁለት አምስተኛ ያለው በስንፍና አይደለም። ከመስመሩ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ለብቻ፥ ከመስመሩ በታች ያሉትንም ለብቻ ደምሮ፥ በራሱ አሳብ ሥርዓት ያለው ሥራ ሠርቷል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ አስተማሪ አንድ ዳቦ ይስልና ግማሹን በጠመኔ ይቀባል፤ ሲሶውንም ይጨምርበታል። «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎም ይጠይቃል። ግማሽ ዳቦ ይዞ ሲሶ የተጨመረለት ሰው እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይደርሰዋል? ልጁ በራሱ መልስ ይስቃል፤ ዳግመኛም አይረሳውም። ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በሒሳብ መጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ይልቁንም ልጆች ሲሳሳቱ ተቀምጦ ከማየትና ከሥራ ባልደረባ ጋር ከመመካከር የሚገኝ ነው።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ገልጸዋል። አስተማሪዎች ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ሳይጠሩ የሚመልሱት ይበዛሉ፤ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። ሁለት ሰከንድ ለመጨመር የበጀት ጥያቄ አያስፈልግም። ሆኖም አስተማሪው አንድ ሰከንድ ብቻ መጠበቁን ራሱ አያስተውልም፤ ከኋላ ተቀምጦ ሰዓቱን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። (ዛሬ ማታ ልጃችሁን ስትጠይቁ ሞክሩት፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ለጠያቂው እጅግ ረዥም ነው።)

በአገራችን ምንም አልተሞከረም ለማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲተከል፥ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ መስኮቱ ወሰደው፤ ለክፍሉ አስተማሪ የቀረው መግቢያና መዝጊያ ነበር። መስኮቱ ልጆቹን መጠየቅ ቢችልም የሰጡትን የተሳሳተ መልስ ሊሰማ አልቻለም። ቀጥሎም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ አስተማሪ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚሁ እንዲያውል አዘዘ፤ ለጀማሪዎቹም አማካሪ ይመደብላቸዋል። አሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ግን 60ው ሰዓት በብዙ ስፍራ ወደ ወረቀት መለወጡ ነው፤ ዕቅድ ይጻፋል፥ ማኅደር ይሞላል፥ ፊርማ ይፈረማል፤ የክፍሉ በር ግን እንደ ተዘጋ ይቀራል። ወረቀትስ ለእኛ መች አነሰንና!

ነገሩ የማይቸገሩበት ጉዳይ አለመሆኑን ለማወቅ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ።

ጃፓኖች ጁግዮ ኬንኪዩ የሚሉት፥ ከሜጂ ዘመን ጀምሮ የያዙት ልማድ አለ። ጥቂት አስተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ትምህርት ብቻ በጋራ ያዘጋጃሉ። ልጆች የት ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አስቀድመው ይጽፋሉ። ከዚያም አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ቆመው የሚመለከቱት በተለይ ልጆቹን ነው። ከትምህርቱ በኋላ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል፤ አርመውም አንዳንድ ጊዜ ሌላው በሌላ ክፍል ያስተምረዋል። የሚተቸው ትምህርቱ ነው እንጂ ሰውየው ስላልሆነ የሚያፍር የለም። ይህም ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቀደም ያለው ተማሪ ታናሹን የሚያስቀጽለው የኔታ በሚሰሙት ስፍራ ነው፤ ሲያሳስትም ከተቀመጡበት ሆነው ያርሙታል። የነገው የኔታ የማስተማርን ሥራ የሚለምደው በዚያ ነው።

ከእናንተ መካከል በትምህርት ቢሮ የምትሠሩ፥ የትምህርት ቤቶች የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩ ሁለት አስተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ክፍል መግባት እንዲችሉ ማድረግ በእጃችሁ ነው። ጎብኚው የሚጽፈው ማስታወሻም ወደ ሥራ አፈጻጸም ማኅደር እንዳይገባ በደብዳቤ ማስታወቅ ይገባል፤ ከገባ የክት ልብሱ ተመልሶ ይለበሳልና። ሌሎቻችሁ ደግሞ ወላጆች ናችሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ አጥሩና ስለ መጻሕፍቱ ቁጥር ከጠየቃችሁ በኋላ፥ አስተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ክፍል የገቡት መቼ እንደ ሆነ ጠይቁ። ርእሰ መምህሩ «ጊዜ የለም» ያሉ እንደ ሆነ፥ የክፍለ ጊዜውን ድልድል ያሳዩዋችሁና አብራችሁ ተመልከቱት።